የክረምት የቤት ሥራ

እናቴ ነሐሴን ክረምት ትለዋለች፣
ሼፊልድ ላይ ፀሐይ እያቃጠለች።
ትምህርት ከተዘጋ ክረምት ነው፣ አለቀ፤
ጠብታ ሳይወርድ፣ ሣሩ እየደረቀ።

ደብዳቤው የመጣው በዚሁ ሰሞን ነበር፣
በኮሌጁ ማኅተም፣ ከአንድ ዝርዝር ጋር፦
ሰማያዊ አቃፊ፣ ባለመስመር ደብተር፤
ከታች በደማቁ የመምህሩ ቃል፣
ሚስተር ሆልሮይድ የሚሉት፣ እንዲህ ይላል፦
"ፍልስፍናና ሥነ ምግባር ልትማሩ
የተመዘገባችሁ፣ ትምህርት ሳትጀምሩ
ለዚች ጥያቄ ሁለት ገጽ ጻፉላት፦
መዋሸት ትክክል የሚሆንበት ሰዓት
አለ ወይስ የለም?"
                ሳነበው ሳቅሁበት።
ይቺማ ምን አላት! እሁድ በጠዋት
እጨርሳታለሁ፣ ቁርስ ሳይቀርብ በፊት።

ተዘጋጀሁ እንግዲህ። ሦስት ወፍራም መጽሐፍ
ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩ፤ በየምዕራፍ
ያገኘሁትን ቃል ለቀምኩኝ እንደ ጥሬ፤
ግዴታን፣ ውጤትን፣ ነጻ ፈቃድን ዘርዝሬ
ጻፍኳቸው በካርድ ላይ፣ ለጠፍኩ በግድግዳ።
ወንድሜ ያፌት አይቶ፣ "የማን ነው ይህ ዕዳ?"

እሁድ። ርዕሱን ጻፍኩት፣ አሰመርኩበት።
"አንድ" ብዬ ቁጥር፣ ነጥብ ጨመርኩበት።
እስክሪብቶዬ ቆመች።
                አንድ፤ ከዚያስ ምን?
ዘው ብሎ ገባ ያ የሰኔው ቀን።

"ለማላውቀው ሰው ገመናዬን አልነግር፣
አንቺ አስተርጉሚልኝ" ብላኝ ነበር
አክስቴ አስካለ፣ በሁለት ፈተና መሐል።
ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አንዳች አይቸኩል።
ወንበሩን ሳበና ወደኛ ቀረበ፣
ወረቀቱን ትቶ ጥቂት አሰበ፤
"ገናን ታያለች ብዬ አልጠብቅም" አለ፣
ዓይኑ ከሷ ወርዶ እኔን ተከተለ።
እኔም ተረጎምኩት፦
"መድኃኒቱን ዋጪ፣ አታዛንፊ ሰዓት፤
ይዘገያል እንጂ መዳንሽ አይቀርም፣ ብቻ በትዕግሥት።"
አንገቱን ነቀነቀ፣ ቃሉ የደረሰ መስሎት።

ትራም ስንጠብቅ፣ ቆመን ፌርማታ፣
ዐሥር ፓውንድ አስጨበጠችኝ፣ ቦርሳዋን ፈትታ፤
"እስክሪብቶ ግዢበት" አለች።
ገዛሁበት። ይቺውና። ቆማለች።

መጻሕፍቱን ጠየቅሁ። አንዱ "ከቶ አይሆንም" ይላል፤
አንዱ ሚዛን ይዞ ጥቅምና ጉዳት ያመዛዝናል፤
ሦስተኛው መግቢያው ላይ ገና ቃል ይፈታል።
አንዳቸውም ቢሆኑ አክስት የላቸውም።

ሐሙስ ዕለት መጣች፣ ዳገቱን በእግሯ፣ ሦስቴ አርፋ፣
ትልቅ ፌስታል ይዛ፣ በደረቷ አቅፋ።
ካፖርቷ ነው የወጣው፣ ያ ቡናማው፣
በየዓመቱ ኅዳር ላይ የምትለብሰው።
"ለአዲሱ ትምህርት ቤት። እስቲ ልየው ከላይሽ።"
ትከሻው ሰፋኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ።
"አንቺስ?" አልኳት፣ "ብርዱ የመጣ እንደሆን?"
ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ እየቆለፈችልኝ፣
ዓይኗን ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ፣
"እኔማ ለከርሞ አይበርደኝም" አለች።

እናቴ ከማድቤት "አሜን" አለች፣
ምርቃት መስሏት።

ሲመሽ ደብተሩን ከፈትኩ፣ ካፖርቱን እንደለበስኩ፣
ላቤ በጀርባዬ እየወረደ።
"ጥያቄው ማን ለማን እንደዋሸ አይነግረንም"
ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
"ሁለት ገጽ አይበቃኝም።" እሱንም ሰረዝኩት።
እጄን ኪሱ ውስጥ ብከት የትራም ትኬት አገኘሁ፣
ያምና፣ ቀለሙ የለቀቀ፤
አንዲት የሚንት ከረሜላም አለች፣
ወረቀቷ ሙቀት ያጣበቀው።
በጥፍሬ ያዝኳት፣ ልፈታት ሞከርኩ።
አልፈታ አለች።